«ቅዳሜ ይዘንባል ወይ?» አትበሉኝ

መጋቢት ከገባ ጀምሮ ስልኬ እረፍት የለውም። የባሌ ተራሮችን ለመውጣት ያሰበ ጓደኛ፣ የጓደኛ ጓደኛ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ሁሉ ስልኩ ላይ የሚያየውን የአየር ትንበያ ስክሪንሾት አድርጎ ይልክልኛል። አንድ ደመና፣ ከሥሩ ሁለት ጠብታ፣ አጠገቡ «60%»። ጥያቄው ይከተላል፦ «ቅዳሜ ይዘንባል ወይ?» ጎባ ስላደግኩ ሰማዩን የማዘው እኔ ይመስላቸዋል።

መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። አዎ፣ ይዘንባል። እሑድም ይዘንባል። ሰኞም ሳይዘንብ አይቀርም። በልግ ነዋ! መጠየቅ ያለበት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚዘንብና በዚያ ሰዓት እናንተ የት እንደምትሆኑ ነው። ይህንን በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው በልግን ትንሽ ክረምት አድርጎ ነው የሚያስበው። ሁለቱ ዝናቦች ግን አመጣጣቸውም ጠባያቸውም ይለያያል። የክረምቱ እርጥበት በብዛት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይገባል፤ ከያዘ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሊያላዝን ይችላል። የበልጉ እርጥበት የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ቆላውን አቋርጦ በዶሎ መና በኩል ሽቅብ ሲወጣ ከፊቱ የሚጠብቀው የሐረና ጫካ ዳገት ነው። አየሩ ዳገቱን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል፣ ጉሙ ደግሞ ዳገቱ ሲያልቅበት ሳነቴ በሚባለው የባሌ ከፍተኛ አምባ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በልግ ላይ ሳነቴ ቆማችሁ ሰማይ ማየት ስትፈልጉ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ተዉት። ወደ ደቡብ፣ መንገዱ ወደ ሪራ በሚወርድበት በኩል ተመልከቱ።

ሌላው የፀሐይዋ ነገር ነው። የባሌ ተራሮች ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። በመጋቢት መጨረሻ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፤ ጥላችሁን ብትፈልጉት እግራችሁ ሥር ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ። መሬቱ በዓመቱ ውስጥ ፀሐይን ፊት ለፊት ከሚቀበልባቸው ሳምንታት አንዱ ነው ማለት ነው። ሌሊት ረጥቦ ያደረ መሬት ጠዋት እንዲህ ሲጋል የሚሆነው የታወቀ ነው፤ እርጥብ አየር ይነሳል፣ ይቆለላል፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል።

የተለመደው የበልግ ቀን ሳነቴ ላይ እንዲህ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ደመና ካልነበረው ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታደባ ማየት የሚፈልግ ሰው ሰዓቱ ይሄ ነው፤ ጉም ከገባ በኋላ ቀበሮዋ አጠገባችሁ ብታልፍም አታዩዋትም። ከ3 እስከ 4 ሰዓት በደቡብ በኩል ትንንሽ ነጫጭ ደመናዎች ብቅ ይላሉ። እነዚህ ወደ ጎን ተኝተው ከቀሩ መልካም። ወደ ላይ መቆለል ከጀመሩ ግን ቆጠራው ተጀምሯል። 6 ሰዓት ላይ ሥራቸው ይጠቁራል፤ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ዝናቡ፣ በረዶው፣ ነጎድጓዱ ይመጣል። ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ብዙ ጊዜ ያባራል። ሁልጊዜ በሰዓቱ ይመጣል ማለቴ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ካፊያ ሲጥል የሚያድርበትም አለ። ግን በልግ ላይ ከአስሩ ስምንቱን ጊዜ ጠዋቱ የእናንተ፣ ከሰዓቱ የተራራው ነው ብዬ ብናገር የጎባ ሰው አይቃወመኝም።

እንግዲህ አስቡት። የሳነቴ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ቡድኖች ጠዋት ጎባ ላይ ቡና፣ ከቡና በኋላ ፎቶ፣ ከፎቶ በኋላ አንዱ ባትሪ ሊገዛ ሄዷል ተብሎ ጥበቃ፤ እንዲህ እንዲያ ሲሉ እግር ጉዞ የሚጀምሩት 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጫፍ የሚደርሱት 7 ሰዓት! ከሃያ አራቱ ሰዓት ውስጥ ለመብረቅ የተመቸውን ሰዓት መርጦ፣ ከአምባው ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ የቴሌ ማማ አጠገብ ቆሞ ባንዲራ መዘርጋት። አዘጋጆቹን ስታናግሯቸው «ሰዉ በጠዋት አይነሳልንም» ይላሉ። ለአውሮፕላን ሌሊት 9 ሰዓት የሚነሳ ሰው ለተራራም ይነሳል፤ ዋናው ጥሎት የሚሄድ መኖሩን ማወቁ ነው።

ወደ ስልኩ ትንበያ ልመለስ። ስልካችሁ ላይ «ጎባ 20 ዲግሪ» ቢል አልዋሸም። ጎባ ግን ከፍታዋ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀንስ ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚጠብቃችሁ 9 ወይም 10 ዲግሪ ነው። ይህም ፀሐይ ሳለ፣ ነፋስ ሳይኖር ነው። እኔ ቦርሳዬ ዚፕ ላይ የማንጠለጥላት ትንሽ ቴርሞሜትር አለችኝ። ደመናው ፀሐይዋን ሲጋርዳት ከመቅጽበት ማሽቆልቆል ትጀምራለች፤ በረዶ ሲወርድ ደግሞ ዜሮ አጠገብ ትደርሳለች። ትንበያው የሚሰላው ሰፊ መሬት በአንድ ላይ ተጠቅልሎ ስለሆነ ሸለቆውንና ጫፉን አይለይላችሁም። ከስልኩ ይልቅ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ ማየት ይሻላል። ሰዓት አይነግራችሁም፤ ግን ሳምንቱ እርጥብ ይሁን ደረቅ ትይዛላችሁ፤ የቀረውን ጠዋት በዓይናችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ስለ በረዶው ልንገራችሁ። ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ወደ ቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ ባለው ሜዳ ላይ ነበርን፤ ሁለት ጓደኞቼ፣ አንድ አስጎብኚ፣ ሁለት የጭነት ፈረሶችና ባለፈረሱ አባባ። 5 ሰዓት ገና ሞልቶ ነበር፤ በእኛ በኩል ሰማዩ ሰማያዊ ነው። አባባ ፈረሶቹን አቁመው የጭነቱን ገመድ እንደገና ማጥበቅ ጀመሩ።

«አባባ፣ ምነው?» አልኳቸው።

በአገጫቸው ወደ ደቡብ አመለከቱኝ። «ሐረና ተነሳ፣ ልጄ።»

ሌላ ምንም አላሉም። ዞር ብዬ ሳይ ከአምባው ጠርዝ ባሻገር ነጭ ግድግዳ ቆሟል፤ ቅድም አልነበረም። አንዱ ጓደኛዬ «ገና ሩቅ ነው» አለ። አባባ መልስም አልሰጡት፤ ከጭነቱ ላይ ላስቲካቸውን አውጥተው ተከናነቡና መንገዱን ከሜዳው ወደ ሸለቆው መለሱት። ሰዓት ያህል ሳንሄድ ፀሐይዋ ጠፋች፤ ነፋሱ ከፊታችን መጣና መጀመሪያ ወጨፎ፣ ቀጥሎ ሽምብራ የሚያካክል በረዶ ይለቀቅብን ጀመር። ፈረሶቹ ማንም ሳይነግራቸው ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው አንገታቸውን ደፉ። በረዶው ጅብራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሰፋፊ ቅጠል ላይ እየነጠረ ሲወርድ ከበሮ የሚመታ ነበር የሚመስለው። ብዙም ሳይቆይ መሬቱ ነጭ ሆነ፤ የእግር መንገዱ ጠፋ። እኛ ግን ያኔ ከሜዳው ወርደን ከአለቱ ጥግ ደርሰን ነበር። «ሩቅ ነው» ያለው ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ጉዞ ላይ ሰዓት የሚጠይቀው አባባን ነው።

ስለ መብረቅ ቀልድ የለም። ሳነቴ ላይ ዛፍ የለም፤ ከጅብራው ቀጥሎ ረጅሙ ነገር እናንተ ናችሁ፣ ፈረስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ይብስባችኋል። ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሩ። ድምፅ በሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 30 ሳትቆጥሩ ከጮኸ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፣ ቀጣዩ እናንተ ጋ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ከጫፍና ከሸንተረር ውረዱ፣ ከፈረስ ውረዱ፣ ዱላችሁን መሬት ላይ ጣሉት፣ እርስ በርስ ተራርቃችሁ ቁጢጥ በሉ። ድንኳን አያድናችሁም። ጥልቀት የሌለው የድንጋይ ጥላ ሥር መወሸቅ ደግሞ ሜዳ ላይ ከመቆየት ሊብስ ይችላል፤ መብረቁ አለቱን መትቶ በአፉ በኩል ሲዘል መሀል ላይ ትገኛላችሁ። መኪና ቅርብ ከሆነ መስኮቱን ዘግቶ ውስጡ መቀመጥን የሚያህል የለም፤ ሳነቴን አቋርጦ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚያልፈው መንገድ ለዚህ በረከት ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትነሱ። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል እየተባልን ነው ያደግነው፤ እማዬ ዛሬም ሹራቤን ታስወልቀኛለች። ለእሷ ስል አወልቃለሁ እንጂ መብረቁ ቀለም አይመርጥም፤ የሚመርጠው ከፍታ ነው።

ጉሙ ሌላ ጣጣ ነው። ሳነቴ ሜዳ ስለሆነ ሰው አይፈራውም፤ የሚያስፈራው ግን ሜዳነቱ ነው። ገደል ያለበት ተራራ ላይ ቢያንስ ወደ ላይና ወደ ታች ይታወቃል። እዚህ ጉም ሲገባ አሥር እርምጃ ርቆ ያለውን አታዩም፤ የምታዩት ጅብራ ነው፣ እንደ ስሙ ተገትሮ፣ ሁሉም አስጎብኚያችሁን ይመስላል። አንድ ወዳጄ አንዱን ጅብራ «ወንድሜ፣ መንገዱ በየት ነው?» ብሎ ጠይቆታል። ካርታችሁን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አድርጋችሁ ጫኑ፤ ስልኩን ከውስጥ ኪስ፣ ከገላችሁ አጠገብ ያዙት፣ ብርድ ባትሪ ይበላል። ከጠፋችሁ ደግሞ በግምት አትጓዙ። ቁሙ።

ልብስ። ጂንስ ለብሶ የመጣ ሰው ወደ ቤቱ ይመለስልኝ። ጥጥ አንዴ ከረጠበ ሳነቴ ላይ አይደርቅም፤ ሙቀታችሁን እየጠጣ አብሯችሁ ይውላል። ጋቢም ጥጥ ነው፤ ካምፕ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ለሌሊት ወርቅ ነው፣ ቀን ላይ ለብሳችሁት ዝናብ ካገኛችሁት ግን ጭነት ነው። የደጋ ሰው በርኖስ የሚለብሰው አለምክንያት አይደለም፤ የበግ ፀጉር ረጥቦም ይሞቃል። ስለዚህ ከውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ካፖርት ከነኮፍያው። ጃንጥላ ነፋሱ ይገለብጠዋል፤ ፖንቾም ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ለእጃችሁ የኔን ዘዴ እነግራችኋለሁ፦ ከውስጥ የሱፍ ጓንት፣ ከላዩ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ የዕቃ ማጠቢያ ላስቲክ ጓንት። ያስቃል። ውድ ጓንት ገዝቶ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ግን አይስቅም። አንድ ሙሉ ቅያሪ፣ ካልሲን ጨምሮ፣ በሁለት ፌስታል ታስሮ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ካምፕ እስክትገቡ አትፍቱት።

አንድ ሰው ሲበርደው እያማረረ ከሆነ አትጨነቁ። ሲያማርር የነበረው ዝም ሲል፣ ሲደናቀፍ፣ ምላሱ ሲተሳሰር፣ ኮቱን ቆልፍ ስትሉት ጣቱ እምቢ ሲለው ያን ጊዜ ቁሙ። ከነፋስ ከልሉት፣ እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቁን አልብሱት፣ ከፔርሙዝ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጡት። አረቄ አይሆንም! ያሞቃል የሚባለው ደሙን ወደ ቆዳው ስለሚያወጣው ነው፤ ውስጡ የቀረችውን ሙቀት ያስወጣዋል።

እዚሁ ተራራ ላይ፣ በዚያው ቀን፣ በፀሐይ ትቃጠላላችሁ። የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደመናም ሙሉ በሙሉ አይከለክለውም። «እኛ ጥቁር ነን፣ አይነካንም» ያለ ሁሉ ሰኞ ዕለት አፍንጫው እየተላጠ ቢሮ ይገባል። ሰፊ ኮፍያና ሰንስክሪን፣ ለከንፈር ቅባት።

ከፍታውን በአጭሩ ልለፈው፤ ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። አዲስ አበባ መኖራችሁ ይረዳችኋል፤ ቢሆንም ዲንሾ ወይም ጎባ ሳታድሩ ቀጥታ ሳነቴ ላይ ድንኳን አትትከሉ። ፓስታም አትያዙ፤ ውኃው 87 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እሳት ትጨርሳላችሁ እንጂ ቶሎ አይበስልላችሁም። በሶና ጩኮ እያሉ ፓስታ ምን ይሠራል?

የምግብ ነገር ከተነሳ፣ በልግ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ረመዳንም ወደዚሁ ወቅት መጥቷል። የዲንሾ አስጎብኚዎችና ባለፈረሶች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ጾመኛን ሰው ከሰዓት በኋላ በዝናብ ዳገት ማስወጣት ነውር ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት እዚህም ያስታርቃል። እነሱ ከሱሁር ጋር፣ እናንተ በጨለማ፣ አብራችሁ ትነሳላችሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ሁላችሁም ካምፕ ናችሁ። የምትጾሙ ጓደኞቼ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ 4,000 ሜትር ላይ መዋልን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ እኔ አልገባበትም።

በወብ ሸለቆ በኩል፣ ከዲንሾ በሶዶታ አድርጋችሁ የምትጓዙ ከሆነ ወንዞቹን ጠዋት ተሻገሩ። ጠዋት ጫማችሁን ሳታወልቁ የዘለላችሁት ጅረት ማታ ፈረስ ያስቸግራል። ዝናቡ እናንተ ያላችሁበት ላይዘንብ ይችላል፤ ላይ ከዘነበ ይበቃል፣ ውኃው ይመጣል። ድንኳን ወንዝ ዳር ያለች ለምለም ሜዳ ላይ አትትከሉ፤ ለምን ለምለም እንደሆነች አስቡ።

በልጉ የሚዘገይባቸው ዓመታትም አሉ፤ ጭራሽ የሚቀርባቸውም አሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ክልል በተከታታይ ዝናብ ጠፍቶ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። በልግ ሲዘገይ ለተራራ ተጓዥ ምቹ ይመስላል፤ ደረቅ ነው፣ ጭቃ የለም። ግን አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ደርቆ ክብሪት ይጠብቃል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ላይ የተነሳው እሳት ከውጭ አገር ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ ደረቅ መጋቢት ላይ የካምፕ እሳት አታንድዱ፤ ምግብ በጋዝ ምድጃ ይሠራ። እንዲህ ባለ ዓመት አየሩ በአቧራ ይሸፈናል፤ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቆላው የምታዩት ነገር ግራጫ መጋረጃ ነው። ፎቶ ብቻ ፈልጋችሁ ከሆነ የምትመጡት ጥቅምትና ኅዳርን ጠብቁ።

ታዲያ ለምን በበልግ ትሄጃለሽ የሚለኝ አለ። ጠዋቱ ስለሚያምረኝ ነው። ሌሊት ዝናብ ያጠበው አየር፣ አረንጓዴ መሆን የጀመረው ዲንሾ አጠገብ ያለው ጋይሳይ ሜዳ፣ ጭር ያለ ካምፕ። ፓርኩ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ጎብኚው በዝቷል፤ በልግ ላይ ግን ብዙ ሰው ዝናብ ፈርቶ ስለሚቀር ተራራው ለእኛ ይተርፈናል። ይህን ያህል ደግሞ ልቀበለው የምችለው ክፍያ ነው፦ ከ6 ሰዓት በኋላ ድንኳን ውስጥ ተኝቶ የበረዶ ድምፅ እየሰሙ ካርታ መጫወት።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት እንወጣለን። መጀመሪያ ዲንሾ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ጎባ። ከጎባ መኪናው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ይነሳል፤ ቡና ከፈለጋችሁ እማዬ በፔርሙዝ ታዘጋጃለች፣ መኪና ውስጥ ትጠጣላችሁ። 10 ሰዓት ከ35 ላይ የሚደውልልኝ ሰው ስልኬ አይሠራለትም፤ ሳነቴ መንገድ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል።